ወንበሩ መሬት ሲነካ

«ፈጠን በሉ! ኧረ ፈጠን በሉ፣ በፈጠራችሁ!»

እትዬ ፈጠን ይህን የምትጮኸው የኋሊት እየሄደች ነው። ሰው በደህና መንገድ የኋሊት መሄድ ሲያቅተው፣ እሷ በረጠበ አሸዋ፣ ዛጎልና ጉድጓድ በሞላበት የባሕር ወለል ላይ የኋሊት ትራመዳለች። ለምን ቢሉ፣ ዳኛው ተቀምጦበት በሸክም ለሚከተላት ወንበር ጀርባ መስጠት ነውር ነው። መሪ ደግሞ ከፊት መሄድ አለባት። ይህን ጣጣ ለመፍታት የዳኛው አጋፋሪ በደሴቲቱ በር ላይ ቆሞ ከራሱ ጋር ሲሟገት፣ ባሕሩ ሽሽቱን ጨርሶ እፎይ ብሎ ነበር። በመጨረሻ «ትምራ፤ ነገር ግን ፊቷን ወደ ወንበሩ አድርጋ ትምራ» ብሎ አረፈው። እንግዲህ የዚህን ሰው ብልሃት እዩልኝ።

እትዬ ፈጠን ወላጆቿ ያወጡላት ስም አይደለም። ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ አሸዋ ላይ ሰው ስታጣድፍ ስለኖረች ደሴተኛው የሰጣት ነው። በደሴቲቱና በዋናው ምድር መካከል ያለው ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲሸሽ አሸዋው መንገድ ይሆናል፤ ሲመለስ ለማንም አይራራም። አባቷ መንገደኛ ሲያሻግር ኖሮ ሙያውን ለሷ ትቶላት አለፈ። እሷም ነጋዴውን፣ ወታደሩን፣ ሙሽራውን፣ ሬሳ ሳይቀር «ፈጠን በሉ» እያለች አሻግራለች።

ዛሬ ግን የምትጣደፈው ለራሷ ነው። አንድያ ልጇ ማዶ ባለው መርከብ ውስጥ እግሩ በሰንሰለት ታስሯል። ትናንት መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ማዶ ወዳለው ወደብ ሲወርድ የመርከቡ አለቃ ሰዎች ከመንገድ አፈሱት፤ መቅዘፊያ ሊያስጨብጡት። የመበለት አንድያ ልጅ እንደማይታፈስ ሕግ አለ። ሕጉን ግን ዳኛው ራሱ መጥቶ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ባሉበት ካልተናገረው ለልጇ ምን ይፈይዳል? መርከቡ ለጊዜው ጭቃው ላይ ጋደል ብሎ ተኝቷል። ውሃ ሲሞላ ይነሣል፣ ይሄዳል። በዚያ መርከብ ከሄዱት ቀዛፊዎች ደግሞ ወደ ቤቱ የተመለሰ የለም። ያው አንዱ ውሃ ነው እንግዲህ፤ የሷን መንገድ ሲዘጋ የመርከቡን መንገድ ይከፍታል።

ዳኛው እንቢ ቢላት ኖሮ ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ ሰድባው፣ አልቅሳ፣ ቁርጧን ታውቅ ነበር። ግን እሺ አለ። በማለዳ ደጁ ላይ ወድቃ ስትጮህ ነጭ ጢሙን እየዳበሰ ሰማትና «እመጣለሁ» አለ። ከዚያ ታጠበ። ከዚያ ካባውን አስመጣ፤ ያኛው ካባ አይደለም ብሎ መለሰው፤ ሌላ አስመጣ። ከዚያ ወንበሩ ተወለወለ። እትዬ ፈጠን ደጁ ላይ ወዲያ ወዲህ ተንቆራጠጠች።

ስለ ወንበሩ መናገር ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በሱ ነውና። ጥቁር እንጨት ነው፤ አራቱም እግሮቹ በነሐስ የተጫሙ፣ ከተቀመጠበት ሰውዬ የሚከብድ። አራት ሰዎች በሁለት ወፍራም ሸክም እንጨት ላይ ይሸከሙታል። ከጥንት ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ነው፦ የዳኛው ወንበር እግር መሬት የነካበት ቦታ ሁሉ ችሎት ነው። ገበያ ቢሆን፣ በረት ቢሆን፣ ችሎት ነው። አቤት ያለ ሁሉ ይሰማል፤ ዳኛው «ሌላ አቤት ባይ አለ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ሳይጠይቅና ዝም ሳይባል ወንበሩ አይነሣም። ከወንበሩ ወርዶ የተናገረው ግን እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ወሬ ነው፤ ማንንም አያስርም፣ ማንንም አይፈታም።

ስለዚህ እትዬ ፈጠን ከደሴቲቱ ሲወርዱ ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ ለምናለች። «ብትፈልጉ ሙቱ፣ ወንበሩን ግን እንዳታስቀምጡት» ብላለች። በተለይ የፊተኛውን ተሸካሚ፣ ዋርሳዋን፣ የሟች ባሏን ታናሽ ወንድም፣ ጆሮውን ይዛ ነግራዋለች።

«ኧረ እትዬ፣ ሕፃን አደረግሽኝ እኮ» አላት እሱም።

«ሕፃንስ በነበርክ። ሕፃን የተነገረውን ይሰማል።»

ከአሸዋው አጋማሽ ሳይደርሱ የአጋፋሪው ጥላ በነፋስ ተገለበጠ። ከባሕር በኩል ሰሞኑን ሲነፍስ የከረመ ነፋስ ነው፤ ከከባድ መርከብ በቀር ጀልባ የሚባል ነገር ሁሉ ባሕሩን እንዳይሻገር ያደረገ። አጋፋሪው «ቁሙ!» አለ። ዳኛ ያለ ጥላ አይሄድም። ቆሙ። የጥላውን ዘንጎች እየጎተተ ወደ ቦታቸው ሊመልስ ሲታገል፣ እትዬ ፈጠን በዳኛው ጫንቃ ላይ አሻግራ ባሕሩን አየች። ጥግ ላይ፣ ሰማይና ውሃ በሚገናኙበት፣ ነጭ ክር ታየ።

«ጌታዬ፣ ባሕሩ ዞሯል» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«ዞረ? መልካም» አለ ዳኛው። «በሥርዓቱ የሚሄድ ነገር ደስ ይላል።»

ምላሷን ባትነክስ ኖሮ የዳኛውን እናት የሚያነሣ ነገር ተናግራ እሷም በሰንሰለት ትታሰር ነበር። ጥላው ቀና። ተነሡ። ጥቂት እንደሄዱ ግን የፈራችው ደረሰ። ዋርሳዋ ስለታም ዛጎል ረግጦ «ወይኔ!» ብሎ ጎበጠ፤ አንደኛው ሸክም እንጨት ከትከሻው ተንሸራተተ፤ ወንበሩ ጋደለ፤ ዳኛው እንዳይወድቅ የቀሩት ሦስቱ ደንግጠው ዝቅ አደረጉት። አራቱም የነሐስ ጫማዎች አሸዋው ውስጥ ጥልቅ ብለው ገቡ።

አጋፋሪው በትሩን አነሣ።

«አታድርገው» አለች እትዬ ፈጠን። «እባክህ፣ በልጆችህ!»

«ችሎት ተቀምጧል!» ብሎ ለባሕሩና ለወፎቹ ጮኸ። «አቤት ባይ ይቅረብ!»

በርግጥ ማን ይቀርባል? በዙሪያው ያለው አሸዋና ሸርጣን ነው። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም ይባላል፣ ያልፋል ብላ ጠበቀች። ዳኛው ካባውን አስተካከለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ሌላ» ከማለቱ በፊት አንድ ድምፅ ከጎኗ ተሰማ።

«አቤት!» አለ ዋርሳዋ፣ የሚደማ እግሩን ይዞ።

«ምን ነካህ አንተ?»

«አቤት ጌታዬ! ይህች ሴት ከማለዳ ጀምሮ እንደ በቅሎ እየነዳችን ነው። ያለፈው ጊዜ የቀድሞውን ሹም ስናሻግር በዚህ ሰዓት አሸዋው ደረቅ ነበር፤ እስከ ማታ ደርቆ ዋለ። ዛሬ ምን የተለየ ነገር አለ? በከንቱ አጣድፋን እግሬን ተቆረጥኩ። ፍርድ እፈልጋለሁ!»

እትዬ ፈጠን ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ማዶ የታሰረው የገዛ ወንድሙ ልጅ ነው። ይኼ ሰውዬ ክፉ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ሲያመው ከሥቃዩ በቀር ሌላ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ የማይገባ፣ አፉ ከልቡ የሚቀድም ሰው ነው። ሟች ባሏም እንዲያው ነበር፤ ዘር ነው።

«ተከሳሽ ምን ትላለች?» አለ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ውሃው እየመጣ ነው እላለሁ!»

«ይህን ሰምተናል። የተጠየቀው፣ ባለፈው ጊዜ በዚህ ሰዓት ያልመጣ ውሃ ዛሬ ስለምን ይመጣል ነው። ማን አዘዘው?»

«ጨረቃ ናታ!»

ዳኛው ቀና ብሎ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር አየ። «ጨረቃ የለችም።»

«አለች ጌታዬ፤ ከፀሐይ ጋር ሆና ነው። ጨረቃ ውሃውን ወደ ራሷ ትስበዋለች፤ ከሥሯ ያለው ባሕር ያብጣል። ከምድር በስተጀርባ ያለውም እንዲሁ ያብጣል። ለዚህ ነው በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላው። እሷ በየቀኑ ዘግየት ብላ ስለምትወጣ ውሃውም በየቀኑ ዘግየት ይላል። ያኔ ሹሙን ስናሻግር ጨረቃ ግማሽ ነበረች፤ የሙላቱ ሰዓት ሌላ ነበር፤ ፀሐይም ወደ ሌላ ጎን ትስብ ስለነበር ባሕሩ ደከም ብሎ ነው የመጣው። ዛሬ ጨረቃ ልትወለድ ነው። ሁለቱ ባንድ ወገን ሆነው ባንድነት ይስባሉ። የዛሬው ውሃ የሁሉም ትልቁ ነው። ከዛሬ በኋላ እያነሰ ይሄዳል፤ ሙሉ ጨረቃ እስክትሆን እንዲህ ያለ ውሃ አናይም። በቃኝ ጌታዬ፣ እንሂድ!»

«በስተጀርባ ያለው ለምን ያብጣል?» አለ ዳኛው።

«እሱን አባቴም አልነገረኝ!»

«እኔ አንብቤያለሁ» አለ ዳኛው ደስ እያለው። «ጨረቃ ምድርንም ጭምር ትስባለች ይላሉ። ቅርብ ያለውን ውሃ አብዝታ፣ ምድርን መካከለኛ፣ ሩቅ ያለውን ውሃ ጥቂት። ስለዚህ የሩቁ ውሃ ወደ ኋላ ቀርቶ ያበጠ ይመስላል። ሌሎች ደግሞ ይህን አይቀበሉም፤ እነሱ የሚሉት…»

«እንግዲያው ያውቁታል!» አለች እትዬ ፈጠን። «ያውቁታላ! የሚያውቁትን ነገር ለምን እኔን ያስለፈልፉኛል?»

ዳኛው አልተቆጣም። «ልጄ፣ ዳኛ የሚፈርደው በሚያውቀው አይደለም፤ ፊቱ በተነገረው ነው። እኔ የማውቀው እኔው ጋ ይቀራል። አንቺ ስትናገሪው ነው ችሎቱ የሚያውቀው።»

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? እትዬ ፈጠን በነጩ ክር ፋንታ አሁን ሰፊ ነጭ መቀነት አየች።

«ከሳሽ ጥያቄ አለህ?»

«አለኝ» አለ ዋርሳዋ። «ያ የሚታየው ሞገድ እሩቅ ነው። ደግሞ ሞገዱን ነፋስ ነው የሚያመጣው ሲሉ ሰምቻለሁ። ጨረቃ ናት ወይስ ነፋስ? ሁለት ልብ ሆናለች።»

ወገቧ ላይ የታጠቀችውን ገመድ ፈታችና አንዱን ጫፍ ወረወረችለት። «ያዝ፣ አንተ ድንጋይ!» ሌላኛውን ጫፍ ከፍ ዝቅ አድርጋ አወዛወዘች። ውዝዋዜው በገመዱ ላይ እየተገለባበጠ ሄዶ እጁን መታው። «አየህ? ገመዱ ከእጄ ወጣ? አልወጣም። የሄደው ውዝዋዜው ነው። ሞገድ እንዲህ ነው። ነፋስ ውሃውን እየፋቀ ያወዛውዘዋል፤ ውዝዋዜው ይጓዛል፤ ውሃው ግን እዚያው ከፍ ዝቅ ይላል። ነፋሱ በበረታ፣ በቆየ፣ ባሕሩም በሰፋ ቁጥር ሞገዱ ያድጋል። እዚህ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ፣ ሩቅ ባሕር ላይ የነፈሰ ነፋስ ሞገዱን ይልክልናል። ሙላት ግን ሌላ ነው፤ ባሕሩ ራሱ ነው ከነሙሉ አካሉ የሚነሣው። ዛሬ ደግሞ ሁለቱም ገጠሙብን። ጨረቃና ፀሐይ ያነሡትን ውሃ ነፋሱ ከኋላ እየገፋው ነው። ከሰዓቱ ቀድሞ ይመጣል፤ ሲመጣም ከነሞገዱ ነው። ገባህ? ወንድምህ ቢኖር በጥፊ ይልህ ነበር!»

ዋርሳዋ ገመዱን አየ። ከዚያ ባሕሩን አየ። ከዚያ እግሩን አየ፤ ቁስሉ ላይ ውሃ ደርሷል። ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ፣ ዝም ብሎ፣ በአሸዋው ላይ ባሉት ቦዮች ተስቦ በዙሪያቸው ገብቶ ነበር።

«ኧረ ገብቶኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ክሴን ባነሣስ?»

«የተከፈተ ክስ ያለ ፍርድ አይነሣም» አለ አጋፋሪው።

ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ። አሰበ ብቻ አይደለም፣ ተከዘ። ከዚያ ተናገረ። «ጨረቃና ፀሐይ በሥርዓታቸው፣ ነፋስም በጸባዩ ውሃውን እንደሚያመጡት ተነግሮ ተሰምቷል። ስለዚህ ተከሳሽ ነፃ ናት። ተሸካሚዎችም ፈጠን እንዲሉ ተፈርዷል።»

ፈጠን እንዲሉ! ከጎህ ጀምራ የጮኸችውን! እትዬ ፈጠን ልትስቅ ወይ ልታለቅስ ፈለገች፤ ለሁለቱም ጊዜ አልነበራትም። «ሌላ አቤት ባይ አለ?» ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ በየመካከሉ ዳኛው ትንፋሽ እየወሰደ። ሦስተኛው ሲያበቃ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነውርም ክብርም ቀረ። ጀርባዋን ለወንበሩ ሰጥታ ሮጠች፤ አጋፋሪውም ጥላውን ነፋስ ሲወስድበት አልጮኸም። ተሸካሚዎቹ ከኋላዋ ውሃውን እያንቦጫረቁ፣ ዳኛው ከላይ ከወዲያ ወዲህ እየተንገላታ፣ ዋርሳዋ በደማ እግሩ እያነከሰ። አንዱ ሞገድ ከኋላ ጉልበታቸውን መታ፤ ሌላው ጭናቸውን። እትዬ ፈጠን የአሸዋውን ጉብታና ጉድጓድ እንደ ቤቷ ወለል ታውቀዋለች፤ ከጉብታ ጉብታ እያዘለለች አደረሰቻቸው። የመጨረሻው ጉብታ ላይ ሲወጡ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

ባሕሩ ሲሸሽ በእግር የሚታለፈው የመርከብ መተላለፊያ አሁን በጥልቅ ውሃ ተሞልቷል፤ ከማዶው ወደቡ። መርከቡ ቀጥ ብሎ ተነሥቷል። መልሕቁ እየተጠቀለለ ነው፤ ሰንሰለቱ ሲንኳኳ ይሰማል። በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ነው፤ ወደቡ ግን ሌላ ዓለም ነው። ውሃውን እስኪሻገሩ መርከቡ ይሄዳል። የወደቡን አፍ የሚዘጋ የደለል ክምር አለ፤ ከባድ መርከብ የሚያልፈው ውሃው ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። አለቃው የሚጠብቀው ያንን ነው።

«አስቀምጡት» አለች።

«የት?» አለ አጋፋሪው።

«እዚህ!»

«ውሃ ውስጥ? ችሎት መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው!»

«ከውሃው ሥር ያለው ምንድን ነው ታዲያ? ሰማይ ነው?»

አጋፋሪው ወደ ዳኛው ዞረ። ዳኛው ጢሙን ዳበሰ። ኧረ ባይዳብሰው! «መሬት ነው» አለ በመጨረሻ። «እርጥብ መሬት። አውርዱ።»

ወንበሩ ወረደ። የነሐስ ጫማዎቹ ደለሉ ውስጥ ሰጠሙ፤ ውሃው የዳኛውን ጉልበት ዋጠ፤ ካባው በዙሪያው ተንሳፈፈ። አጋፋሪው፣ እንግዲህ ምስጋና የሚገባው ለዚህ ነው፣ በነፋሱ ላይ እንደ መለከት ጮኸ። «ችሎት ተቀምጧል! የመርከቡ አለቃ ይቅረብ!»

መልሕቅ የሚስቡት ሰዎች እጃቸው ቆመ። ችሎት ጠርቶት የሄደ መርከብ የትም ወደብ የመጠጥ ውሃ እንደማይሰጠው ሁሉም ያውቃል። አለቃው የመርከቡ ጠርዝ ላይ ብቅ አለ፤ ፊቱ በርበሬ መስሎ።

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው ይሄ? ውሃዬ ሊያልፈኝ ነው!»

«ቀልድ አይደለም» አለ ዳኛው። «ከሳሽ ትናገር።»

ተናገረች። ከማለዳ ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ሲፈላ የነበረውን በአንድ ትንፋሽ አፈሰሰችው። ዳኛው እስክትጨርስ ጠበቀና እንደ ልማዱ ጠየቀ። «መበለት መሆንሽን ማን ይመሰክራል?»

«እኔ!» ዋርሳዋ ነው። ወንበሩን ከኋላ በትከሻው ደግፎ ቆሟል። «ባሏ ወንድሜ ነበር። በእጄ ቀብሬዋለሁ።»

«ልጁ አንድያ መሆኑንስ?»

«አንድያ ነው ጌታዬ። ሌላም የላት፤ እኛም ከሱ ሌላ የወንድማችን ነገር የለንም።» እትዬ ፈጠን ዞራ አየችውና ከጠዋት ጀምሮ የያዘችበትን ቂም ግማሹን ተወችለት።

አለቃው ተሳደበ፤ ነፋሱ ስድቡን ወሰደው። ተፈረደ። ሰንሰለቱ ተፈታ፤ ልጇ በገመድ ወደ ትንሿ ጀልባ ወረደ፤ ጀልባዋ ጉብታው አጠገብ ስትደርስ ዘሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ቁርጭምጭሚቱ ተልጧል። እትዬ ፈጠን አንገቱን አንቃ ይዛ፣ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ጀርባውን ደበደበችው።

«አልነገርኩህም? በላይኛው መንገድ ሂድ አላልኩህም? አንተ የማትሰማ!»

«እማዬ፣ አነቅሽኝ…»

«ዝም በል!»

ውሃው የዳኛውን ወገብ አልፎ ነበር። አሁን እንግዲህ ሦስቴ ይጠየቅ፣ ያብቃ፣ ጀልባዋ ላይ ወጥተን እንሂድ አለች በልቧ።

«ሌላ አቤት ባይ አለ?» አለ ዳኛው።

ነፋስ ብቻ።

«ሌላ አቤት ባይ አለ?» አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። እትዬ ፈጠን ልብ አለች፤ ሽማግሌው የሚያየው እነሱን አይደለም። መርከቡን ነው። በመቅዘፊያ ቀዳዳዎቹ በኩል ፊቶች ይታያሉ፤ ብዙ ፊቶች።

«እማዬ» አለ ልጇ በጆሮዋ። «አጠገቤ የታሰረው የታመመ አባት አለው። ከኋላዬ ያለው ከሠርጉ ነው የታፈሰው። ሁሉም የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። ይህን ወንበር አያውቁትም። አቤት ማለት እንደሚቻል አያውቁም።»

ዳኛው ለሦስተኛው አየር ሳበ። ቀስ ብሎ። ከሁልጊዜውም በላይ ቀስ ብሎ። የሚያውቀውን ያውቃል፤ ግን ካልተነገረው ምንም ማድረግ አይችልም። እትዬ ፈጠን የልጇን ክንድ ጨብጣለች፤ የፈለገችውን አግኝታለች፤ ዝም ብትል ሁሉም ያልቃል። ውሃው ይገፋታል፣ ደክሟታል። ንዴቷ ግን አልደከመም።

«እናንተ!» ብላ ወደ መርከቡ ጮኸች። «ምን አፋችሁን ዘግታችሁ ታፈጣላችሁ? አቤት በሉ እንጂ! ዳኛ ነው እኮ ፊታችሁ የተቀመጠው! አፍ የላችሁም? አቤት በሉ!»

መጀመሪያ አንድ ድምፅ መጣ፣ የጎረምሳ፣ የሚፈራ። «አቤት!» ከዚያ ሌላ። ከዚያ ከመርከቡ ሆድ ውስጥ ሁሉም ባንድነት፣ መርከቡን እስኪያናውጥ። «አቤት! አቤት! አቤት!»

ዳኛው የሳበውን አየር በእርጋታ ተነፈሰ። «አንድ በአንድ» አለ። «ሥርዓት ይኑር።»

አለቃው ጠርዙን በጡጫ ይመታል። «ውሃው! ውሃው ሞልቶ ሊዞር ነው! ዛሬ ካላለፍኩ ደለሉ እስከ ሙሉ ጨረቃ ያስቀረኛል!»

እትዬ ፈጠን ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። በርግጥም ከዛሬ በኋላ ውሃው ያንሳል። ይህን ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች። ችሎቱ ውሃው እስኪዞር ከቆየ መርከቡ የትም አይሄድም። ግን አንድ ችግር አለ፤ ውሃው ገና ጫፉ ላይ አልደረሰም፣ የዳኛው ደረት ላይ ደርሷል፤ አንድ ሞገድ ጢሙን አጥቦት አለፈ። ተቀምጦ ከቆየ ይሰጥማል፤ ከወንበሩ ከወረደ ችሎቱ ይፈርሳል።

«ጌታዬ» አለች። «ሕጉ ዳኛው ወንበሩ ላይ ይሁን ነው የሚለው። ይቀመጥ ይላል?»

ዳኛው አሰበ። በሞገድ መካከል፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አሰበ። አጋፋሪው ሊናገር አፉን ከፈተና ጨው ውሃ ገባበት።

«ይቀመጥ አይልም» አለ ዳኛው።

«እንግዲያው ይቁሙበት!»

እሷና ልጇ ግራና ቀኝ፣ ዋርሳዋ ከኋላ፣ ብብቱን ይዘው አነሡት። ሽማግሌው እየተንቀጠቀጠ ወንበሩ ላይ ቆመ፤ ካባው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ከሁሉም በላይ ረዘመ። ሦስት ሰዎች ጉልበቱን አቀፉ።

«የመጀመሪያው አቤት ባይ» አለ። «ስምህ ማን ነው? ከየት ተወሰድክ?»

ጎረምሳው ከመርከቡ ውስጥ ጣደፍ ጣደፍ እያለ መለሰ። ሁለተኛው ተተካ። ሦስተኛው። ውሃው ጫፉ ላይ ደርሶ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ አለ፤ ከዚያ እትዬ ፈጠን ወገቧ ላይ ስቡ ወደ ባሕር በኩል ሲዞር ተሰማት፤ ውሃው መሸሽ ጀምሯል። መርከቡ በመልሕቁ ላይ ቀስ ብሎ አፍንጫውን አዞረ። ማንም ሌላ ሰው አላስተዋለም።

ዳኛው ጎንበስ ብሎ አያት። «አንቺ ልጄ፣ በርዶሻል። ላሳጥረው?»

እትዬ ፈጠን የጨው ውሃ ከፊቷ ጠረገች።

«ቀስ ይበሉ፣ ጌታዬ» አለች። «ምን አጣደፈዎት? በደንብ ይጠይቋቸው።»